ከግብር አዳራሽ እስከ ደመወዝ መዝገብ፦ የጋምቤላ ሠራተኞች መዋጮ ታሪክ

በአንድ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ሥር አብረው የሚውሉ ሰዎች ለሻይና ለቡና፣ ለወሊድና ለጋብቻ፣ ለሐዘንና ለሽኝት እያሉ በየወሩ ከደመወዛቸው ቀንሰው የሚያጠራቅሙት ገንዘብ፣ በበጀት ያልተመዘገበና የታሪክ ጸሐፊም ብዕሩን ያላነሣለት ጥቂት ነገር ቢመስልም፣ አለቃና ምንዝር፣ አገሬና እንግዳ በአንድነት የሚኖሩበት ሥርዓት፣ ከሁሉም ይልቅ የፈቃድና የግዴታ ወሰን፣ ከታላላቁ የመንግሥት ጉዳይ ይልቅ በዚህ በጥቂቱ ገንዘብ ተገልጦ ስለሚታይ፣ ታሪኩ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህም ምርመራ ጋምቤላን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከተማይቱ ከመሠረቷ ጀምሮ የሠራተኛ ከተማ ናትና። በገዳም ወይም በቤተ መንግሥት ዙሪያ እንደ በቀሉት የደጋ ከተሞች ሳይሆን፣ በወንዝ ወደብ፣ በጉምሩክ ሚዛንና በመጋዘን ዙሪያ ስለ ተሰበሰበች፣ ከደጋ የወረደው ሰው አብዛኛው ወደ እርሷ የመጣው ርስት ሊተክል ሳይሆን ሥራ ተመድቦለት ወይም ንግድ ጠርቶት ነው።

በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሃሪንግተን ጋር በተፈራረሙት ውል፣ የሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ በኪራይ ይዞ የንግድ ጣቢያ እንዲያቆም ተፈቀደለት፤ ስፍራው ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል ግን ተከለከለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋምቤላ በዚህ ውል መሠረት ተቆረቆረች። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው፣ ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ጨውና ጨርቅ ያራግፉና፣ ከጎሬና ከሳዮ በጭነት እንስሳና በሰው ትከሻ የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል መርከቡም ንግዱም ይቆማል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች፣ የሱዳን መንግሥት ሹም፣ የኢትዮጵያ ጉምሩክ ሰዎች፣ ጸሐፊዎች፣ ዘበኞችና ተሸካሚዎች በዚያች ጠባብ ስፍራ ተሰብስበው በክረምት ዕረፍት ያጣሉ፤ በበጋ ደግሞ ወንዙን እየተመለከቱ ይቀመጣሉ። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ፣ ዘመድ በሌለበትና ሙቀቱ በበረታበት አገር፣ የሥራ ባልደረባ ከባልደረባነት አልፎ ጎረቤት፣ አስታማሚና ቀባሪ መሆኑ የማይቀር ነበር።

ዳሩ ግን መርከቡ ከመድረሱ አስቀድሞ በዚያ ምድር የኖሩት ሕዝቦች ስለ መስጠትና ስለ መቀበል የራሳቸው ጽኑ ሕግ ነበራቸው፤ ይህንም ሳይመለከቱ የመዋጮን ታሪክ ከደጋ በወረደው ሰው ብቻ መጀመር ትልቅ ግድፈት ይሆናል። በአኙዋ መንደር ኳሮ ተብሎ የሚጠራው አለቃ ብዙ ክብር ይሰጠው ነበር፤ ሰው በፊቱ አጎንብሶ ይቀርብ፣ ጎልማሶች ማሳውን ያለሙለት፣ ግቢውንም ያጥሩለት ነበር። ይሁን እንጂ ክብሩ ያለ ዋጋ አልነበረም፤ አለቃው በምላሹ ሕዝቡን ማብላትና ማጠጣት፣ ለማግባት አቅም ያነሰውን ጎልማሳ መደገፍ ይጠበቅበት ነበር፤ እጁ የታጠረ ወይም ሀብቱ ያለቀ እንደ ሆነ፣ ቅር የተሰኙት ወገኖች አጌም በሚባለው ዐመፅ ከስፍራው ያስነሡትና ከወገኑ ሌላውን ያስቀምጡ ነበር። ይህን ሥርዓት ከጣልያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ አኙዋ አገር ተጉዞ ያጠናው እንግሊዛዊው ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ፣ በኋላ በጦርነቱ ጊዜ የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ በዚያው ጠረፍ ጣልያኖችን የተዋጋ ሰው ስለሆነ፣ ስለ አኙዋ የጻፈው ከሩቅ በመስማት ብቻ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከጻፈው ሁሉ ለዛሬ መሥሪያ ቤት ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አለቃ ይሰጣል፣ መስጠት ያቆመ አለቃም አለቅነቱ ያከትማል።

በኑዌር ዘንድ ደግሞ መዋጮው በከብት ነው። አንድ ጎልማሳ በሚያገባበት ጊዜ የጥሎሽ ከብቱን አባቱና ወንድሞቹ፣ አጎቶቹም ያሰባስቡለታል፤ በሙሽራይቱም ወገን የአባት ወንድሞችና የእናት ወንድሞች ከዚያው ከብት ላይ የታወቀ ድርሻ አላቸው። ይህ ሁሉ በጽሕፈት ሳይሰፍር፣ የትኛዋ ላም ከማን በረት ወጥታ ወደ ማን በረት እንደ ገባች በአእምሮ ተጠብቆ ለትውልድ ይነገራል። በዱር ውስጥ በሚኖሩት በመዠንገር ሕዝብ መካከል ደግሞ ማሳ ሊመነጥር ወይም አረም ሊነቅል የፈለገ ቤተ ሰብ መጠጥ ጠምቆ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራው ሠርቶ ይጠጣል፤ የዛሬው ጠሪ ነገ ተጠሪ ይሆናል። የሦስቱም ሕዝቦች ሥርዓት እርስ በርሱ ብዙ ቢለያይም፣ ሰጪው ለማን እንደ ሰጠ ያውቃል፣ ተቀባዩም ከማን እንደ ተቀበለ አይረሳም፤ በመካከላቸው ቆሞ ገንዘቡን የሚቆርጥ ሦስተኛ እጅ የለም።

ወደ ደጋው የመጣን እንደ ሆነ፣ ጋምቤላን ያካተተውን የኢሉባቦርን ግዛት ከጎሬ ሆነው ይገዙ በነበሩት በራስ ተሰማ ናደው ዘመን፣ እንደ ማንኛውም የመኳንንት ግቢ፣ በሹሙ ሥር የሚያገለግል ሁሉ ከሹሙ ማዕድ ይበላ ነበር። ግብር ሲገባ ወታደሩ፣ ጸሐፊው፣ ባለሟሉና አጋፋሪው እንደየማዕረጉ ተራ በተራ እየገባ ጥሬ ሥጋውን ይቆርጣል፣ ጠጁን ይጎነጫል፤ ለእንግዳና ለመልእክተኛም ድርጎ ይሰፈርለታል። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ሎሌ ለጌታው ምሳ መዋጮ አወጣ ቢባል፣ የጌታውን ክብር መድፈር እንጂ ልግስና ሆኖ ባልተቆጠረም ነበር። ይህን ስጽፍ ግን ያለፈውን ዘመን ከሚገባው በላይ እንዳላስጌጥ እጠነቀቃለሁ፤ በአዳራሹ የሚቆረሰው እንጀራ የገባሩ ላብ ነበርና፣ ገባሩም በዚያ ማዕድ ዙሪያ ስፍራ አልነበረውም፤ የጋምቤላ ቆላ ሕዝብማ በግብርና በባርያ ፍንገላ የደረሰበት መከራ እጅግ የከበደ ነው። ደግሞም ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ድግስ ባለበት ሁሉ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው መተያያና እጅ መንሻ ነበረ፤ በበዓል ቀን በግ ሳይጎትት ወደ ሹሙ ደጅ የሚሄድ ጉዳይ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ይህ ሁለተኛው ወንዝ፣ ማለት ወደ ላይ የሚፈሰው፣ ከግብሩ አዳራሽ ጋር አብሮ አልደረቀም፤ በኋላ በመሥሪያ ቤት መልክ ተመልሶ እናገኘዋለን።

የነገሩ መለወጫ ደመወዝ ነው። ጣልያን ድል ከተነሣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ፣ አገረ ገዥዎችንና ከእነርሱ ጋር የሚሠሩትን ሁሉ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አድርጎ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ እንዲቀበሉ ሲያዝ፣ ሹም ሎሌውን የሚያበላበት ምክንያት ከሥሩ ተነቀለ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከነሳንቲሙ ሲወጣ ደግሞ፣ ለጥቂት ነገር በጥቂት ገንዘብ መዋዋል ቀላል ሆነ፤ በከባዱ የማርያ ቴሬዛ ብር ለሻይ ማዋጣት አስቸጋሪ የነበረውን ያህል፣ በስሙኒና በሽልንግ ማዋጣት የዕለት ሥራ ሆነ። ጸሐፊው ከእንግዲህ የሹሙ አሽከር ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አለቃውም እንደ እርሱ ወር ጠብቆ የሚቀበል ሌላ ሠራተኛ ነው፤ ማዕዱን የሚዘረጋ ጌታ ስለሌለ፣ የሚበላው ሰው ራሱ ማዕዱን መዘርጋት አለበት። በዚህ መሠረት ከታየ፣ የመሥሪያ ቤት መዋጮ ሲወለድ የእኩልነት ልጅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህን ልደቱን ሳልመሰክርለት ወደ ነቀፌታው ለመሄድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ጋምቤላም በጦርነቱ መካከል ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ ቆይታ፣ በ1933 ዓ.ም. የቤልጂግ ኮንጎ ሠራዊት ከጣልያን እጅ ካወጣት በኋላ ጥቂት ዓመታት በቀድሞው ውል ስትኖር፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስለ ወጣች የኪራዩ ዘመን አብሮ አለቀና፣ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ስፍራው በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የጉምሩኩ፣ የፖስታውና የቴሌግራሙ፣ የፖሊሱ፣ የጤናውና የትምህርቱ ሥራ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ድርሻ ሆነ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ በሆነው በዚያ ቆላ ተመድቦ የሚወርድ ደገኛ፣ ወባው ያስፈራው ነበር፤ ከወባውም ይልቅ የሚያስፈራው ታሞ የሚያስታምመው፣ ሞቶ የሚቀብረው ዘመድ አጠገቡ አለመኖሩ ነበር።

ለዚህ ፍርሃት መልስ የሚሆነውን ሥርዓት ደገኛው ከቤቱ ይዞት መጥቶአል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የኖረው የጽዋ ማኅበር፣ በወር በወር በቅዱሱ ወይም በጻድቁ መታሰቢያ ዕለት ዝክሩን ከቤት ወደ ቤት እያዞረ፣ ሙሴ ተብሎ በሚጠራው መሪ እየተዳኘ፣ ተራ የደረሰው እንዲደግስ፣ የቀረ እንዲጠየቅ፣ የታመመ እንዲጎበኝ የሚያደርግ የቆየ ሥርዓት ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአዲስ አበባ የታየውና በጣልያን ዘመንና ከዚያም በኋላ በየከተማው የተስፋፋው ዕድር ደግሞ፣ ይህንኑ መንፈስ ከዝክር ወደ ቀብር አዙሮ፣ ደንብ ጽፎ፣ ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ በቀረና ባልከፈለ ላይ ቅጣት አቆመ። ዕቁቡም በበኩሉ ሰው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል እያዋጣ በዕጣ እንዲወስድ አስተማረ። የመሥሪያ ቤቱ መዋጮ የእነዚህ የሦስቱ ልጅ ነው፤ ከጽዋው አብሮ መጠጣትን፣ ከዕድሩ ደብተሩንና ቅጣቱን፣ ከዕቁቡ የወር ቀጠሮውን ወረሰ። አንድ ነገር ግን ከአንዳቸውም ያልወረሰው አለ፤ ከማኅበር መውጣት ይቻላል፣ ዕድር ጥሎ ሌላ ዕድር መግባትም ይቻላል፤ ከመሥሪያ ቤት ዕድር ለመውጣት ግን እንጀራን ጥሎ መውጣት ያስፈልጋል።

አሠራሩን ሁሉም ሠራተኛ ቢያውቀውም ለወደፊት አንባቢ እንዲቀር መግለጽ ይገባል። በደመወዝ ቀን፣ ገንዘብ ያዡ ካለበት መስኮት አጠገብ፣ ስም፣ የገንዘብ መጠንና ፊርማ የሚል መስመር የተሰመረበት ነጭ ወረቀት ይቀመጣል፤ ወይም በሥራ መካከል ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። በወረቀቱ ራስ ላይ የአለቃው ስም ከነከፈለው ገንዘብ ቀድሞ ተጽፎ ከተገኘ፣ ከእርሱ በታች የሚፈርመው ሁሉ ምን ያህል መጻፍ እንዳለበት ሳይነገረው ይረዳል። የሻይ ክበቡ መዋጮ የየወር ነው፤ ስኳሩ፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ከሰሉና የአፍይዋ ድካም ዋጋ ከዚያ ይወጣል፤ ወባና የውኃ ወለድ በሽታ በሚበዛበት ቆላ የፈላ ነገር መጠጣት ራሱ ጤና ስለሆነ፣ ሻይ በጋምቤላ ቅንጦት ነው ለማለት አልደፍርም። ለገና፣ ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ደግሞ የቅርጫው በሬ አለ፤ ዋጋው ወራት አስቀድሞ በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጥና፣ በዋዜማው ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ፣ ዕጣ ተጥሎ፣ አለቃውና ተላላኪው እኩል ድርሻ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቅርጫን እጅግ አከብረዋለሁ፤ ያዋጣ ሰው ያዋጣውን ያህል በእጁ ይዞ ይመለሳልና፣ በአለቃና በምንዝር መካከልም ልዩነት አያውቅም። ሴት ባልደረባ ስትወልድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት፣ ሙሽራ ሲኖር ለመዳር፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ ለመድረስና ለማስተዛዘኛ የሚዋጣው ሌላ ነው። በመጨረሻም ሽኝት አለ፤ የተዛወረ ወይም ጡረታ የወጣ ሰው ጋቢ ወይም ካባ፣ የእጅ ሰዓት ወይም ሌላ መታሰቢያ ተገዝቶለት፣ ንግግር ተደርጎለት፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሸኛል።

ጋምቤላ ሰው የሚመደብባትና የሚዛወርባት ከተማ ስለሆነች ሽኝት በዚያ ብዙ ነው። በ1979 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት የራሷ የአስተዳደር አካባቢ ስትሆን፣ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም ክልል ስትሆን፣ መሥሪያ ቤቶች በቁጥር ተበራከቱ፤ ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኢታንግና በፑኝዶ ከሰፈሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ይልቁንም በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሥቶ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ ድንበር ከተሻገረ ወዲህ፣ የረድኤት ድርጅቶች ሠራተኞች በየጊዜው ይመጣሉ፣ በየጊዜው ይሄዳሉ። ሰው በመጣ ቁጥር አቀባበል፣ በሄደ ቁጥር ሽኝት፣ አለቃ በተለወጠ ቁጥር ስጦታ ይዋጣል። በዚህ ላይ ነው ያ ወደ ላይ የሚፈሰው ወንዝ ተመልሶ የታየው። ለተላላኪው ሽኝት ሻይና ዳቦ ይበቃል ተብሎ፣ ለሥራ አስኪያጁ ሽኝት ግን ተላላኪው ጭምር ለካባና ለወርቅ ሲያዋጣ፣ ያ ስጦታ በእርግጥ ከፍቅር የመጣ ይሁን ከፍርሃት፣ ሰጪዎቹ ራሳቸው ለይተው ሊያውቁት አይችሉም። ካባ የለበሰው ሰውም ሊያውቅ አይችልም፤ ይህም እርሱን ጭምር መበደል ነው፤ በእውነት የወደደውን ሠራተኛ ካልወደደው የሚለይበትን ዕድል አጥቶአልና።

መዋጮው ከመስኮቱ ወረቀት ወደ ደመወዝ መዝገቡ የገባበት ዘመን ግን ሌላ ታሪክ አለው። በደርግ መንግሥት ጊዜ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለልማት ዘመቻ፣ ለማኅበር አባልነት እየተባለ ከሠራተኛው ደመወዝ በጅምላ መቁረጥ ተለመደ፤ በ1977 ዓ.ም. ለደረሰው ድርቅ ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን እንዲሰጥ ሲደረግም፣ ምክንያቱ ማንም ሰው ሊቃወመው የማይገባ ሆኖ ሳለ፣ አሰጣጡ ግን በስብሰባ፣ በጭብጨባና በመዝገብ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ለተጣለው ለታላቁ የህዳሴ ግድብም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ እየተደረገ፣ የወር ደመወዝ በዓመት ተከፋፍሎ ለቦንድ መግዣ ይቆረጥ ነበር፤ ግድቡ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሳንቲሙን ያዋጣ ሁሉ ደስታው ተገቢ ነበር፤ ቦንዱንም በስሙ ይዞአል። እኔ የምነቅፈው ግድቡንም የርኃብተኛውንም ዕርዳታ አይደለም። የምነቅፈው፣ ለአገር ነፍስ በሚያስፈልግ ጊዜ የተለመደው የስብሰባ አሠራር፣ ማለት ሦስት ሰው ተናግሮ፣ የተቀረው ዝም ብሎ፣ ዝምታው ስምምነት ተብሎ በቃለ ጉባዔ የሚጻፍበት አሠራር፣ በኋላ ለሻይ ስኳርና ለአለቃ ሰዓት መግዣ ሲያገለግል መታየቱን ነው። ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ በጀርመን በናዚ መንግሥት ዘመን ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለክረምት ርዳታ ተብሎ ከሠራተኛው ደሞዝ ይቆረጥ የነበረው ገንዘብ ስሙ የፈቃድ ልገሳ ነበር፤ ያልሰጠ ሰው ግን በሠፈሩና በሥራ ቦታው በክፉ ዓይን ይታይ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ማንም ሰው በኀዘን ወይም በግድ ሳይሆን በልቡ እንዳሰበ እንዲሰጥ አስተምሮአል፤ ጴጥሮስም ሐናንያን የገሠጸው ከመሬቱ ዋጋ ለራሱ ስላስቀረ አልነበረም፤ ሸጦም ሳለ ገንዘቡ በሥልጣኑ ሥር እንደ ነበረ ነግሮት፣ ስለ መዋሸቱ ነበር የወቀሰው። የሐዋርያት ማኅበር እንኳ፣ ሁሉን በጋራ ያደርግ የነበረ ሳለ፣ ላለመስጠት ያለውን ሥልጣን ለሰጪው ካስቀረለት፣ የአንድ ቢሮ ሻይ ክበብ ከዚያ የበለጠ ሥልጣን ከወዴት ያመጣል?

ከግዴታውም ሌላ እኩል ያልሆነው እኩልነት አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሃምሳው ትከሻ አንድ ዓይነት አይደለም። ከጽዳት ሠራተኛዋና ከዋናው ኃላፊ አንድ ዓይነት ብር ሲቆረጥ፣ ለኃላፊው የማይሰማው ቁራጭ ለእርሷ የልጅ ደብተር ወይም የሁለት ቀን ዱቄት ነው። እርሷም ሻዩን አፍልታ የምታቀርበው እንጂ ቁጭ ብላ የምትጠጣው ብዙ ጊዜ አይደለችም። በጋምቤላ ደግሞ ከዚህ በላይ የሚከብድ ነገር ይጨመራል። በአንድ ክፍል ውስጥ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ ፕሮቴስታንትና እስላም ተቀላቅለው ይሠራሉ፤ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በፖክዎ ሥራውን በጀመረው የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮንና በኋላ በመጡት አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ያደገው አኙዋ ወይም ኑዌር መጠጥ አይጠጣም፣ የቅዱሳንን ዝክርም አይዘክርም፤ እስላሙም በክርስቲያን እጅ የታረደውን አይበላም። ታዲያ የጋራ ተብሎ የተዋጣው ገንዘብ በደጋው የበዓል ቀንና በደጋው ማዕድ ሲወጣ፣ ያልበላ ሰው ለበላው ከፈለ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሳስበው የሚያሳዝነኝ የሐዘን መዋጮው ደንብ ነው። ደንቡ ለሠራተኛው የሚከፍለው አባት፣ እናት፣ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድምና እኅት ሲሞቱበት ነው፤ ይህ ዝርዝር ከደጋው ዕድር ደብተር ተገልብጦ የመጣ ነው። የአባትና የእናት ወንድሞች በጥሎሽ ከብት ላይ የታወቀ ድርሻ ባላቸው ሕዝብ መካከል፣ አጎት ማለት ለሚስትህ ላም ያዋጣ ሰው ነው፤ እርሱ ሲሞት በደንቡ ስላልተጻፈ ምንም አይሰጥህም ማለት፣ ዓመት ሙሉ እኩል ሲቆረጥበት የኖረውን ኑዌር በሐዘኑ ቀን ከማኅበሩ ውጭ ማድረግ ነው። ደንብ አውጪዎቹ ክፋት አስበው አይመስለኝም፤ የራሳቸውን ዝምድና የሰው ሁሉ ዝምድና መስሎአቸው ጽፈውታል። ቢሆንም መታረሙ ቀላል ነው፤ በመጻፊያው ቀን የኑዌሩን፣ የአኙዋውን፣ የመዠንገሩን፣ የኦፖውንና የኮሞውን ሠራተኛ፣ በእናንተ ዘንድ የሚለቀሰው ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ በሕግ መመልከት ከጀመሩ ቆይተዋል። እንግሊዞች በ1831 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ አሠሪ የሠራተኛውን ደሞዝ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍልና በዕቃና በምክንያት እየቀነሰ እንዳያጎድል ወሰኑ፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ መቀጮና ስለ ቅነሳ ሌላ ሕግ ጨመሩ። ለእኛ ነገር ከሁሉ የሚቀርበው ግን የአሜሪካ ምክር ቤት በ1870 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ የመንግሥት ጸሐፊዎች ለበላያቸው ሹም ስጦታ መግዣ ከባልደረቦቻቸው ገንዘብ እንዳይለምኑ፣ ሹሙም ከእርሱ ያነሰ ደመወዝ ከሚቀበሉት ስጦታ እንዳይቀበል ከለከለ፤ የተላለፈ ሰው ከሥራው እንዲሰናበት አዘዘ። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዙ መቁረጥ አይቻልም ይላል፤ ቅነሳውም በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደመወዝ ሢሶ እንዳይበልጥ ይወስናል። በጽሑፍ መስማማት ማለት እያንዳንዱ በየራሱ እጅ ሲፈርም ነው፤ የስብሰባ ቃለ ጉባዔ በእርሱ ፋንታ ሊፈርምለት አይችልም።

ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ፣ መዋጮው ይቅር የሚል ሰው ቢነሣ ግን አልተባበረውም። በጋምቤላ የሞተ የደጋ ሰው አስከሬን ወደ ጎጃም ወይም ወደ ሸዋ፣ ወደ ወለጋ ወይም ወደ ትግራይ እንዲወሰድ ቤተ ሰቡ ሲለምን፣ መኪናውን የሚከራየው፣ ሳጥኑን የሚያሠራው፣ አብሮ ሄዶ የሚያስቀብር ሰው የሚልከው ብዙ ጊዜ የባልደረባ ገንዘብ ነው፤ የመንግሥት በጀት ይህን አይሸፍንም፣ ዘመድም በዚያ ፍጥነት አይደርስም። ስለዚህ እኔ የሠራተኞች ማኅበር ደንብ አርቃቂ ብሆን፣ ለሐዘን፣ ለሕመምና ለወሊድ የሚዋጣውን ገንዘብ ለብቻው በሌላ ደብተር አቆመዋለሁ፤ ልኩንም እንደየደመወዙ በመቶኛ እደለድለዋለሁ፤ የሻዩን ወጪ የሚጠጣው ብቻ እንዲከፍል፣ የቅርጫውንም የሚካፈለው ብቻ እንዲከፍል አደርጋለሁ፤ ለአለቃ የሚሰጥ ስጦታ ከጋራው ገንዘብ እንዳይወጣ፣ የወደደው ከወደደው ጋር ሆኖ ከቢሮ ውጭ እንዲሰጠው እተዋለሁ። ያዥና ተቆጣጣሪውም ከደመወዝ ከፋዩ የተለዩ ሰዎች እንዲሆኑ፣ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በሁሉ ፊት እንዲነበብ፣ ያልፈረመ ሰው ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዳይለጠፍ እጽፋለሁ።